የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ስለ ቀለም፣ ስለ ስፖንሰር ገንዘብና ስለ ሕሊና

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ አሮጌ ጃኬትና ሳልጽፈው የቀረሁት አንድ ደብዳቤ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቅዳሜ፣ ተወልጄ ባደግሁበት በአብነት መኪናዬን ለማሠራት ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ረዳት መካኒክ የሆነ ወጣት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበኝ። የሰፈሩ እግር ኳስ ቡድን አምበል ነው። ለክረምቱ የሰፈሮች ውድድር ማሊያ ያስፈልጋቸዋል፤ በአቅራቢያው ያለ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት ደግሞ አሥራ ስምንቱንም ተጫዋቾች ከላይ እስከ ታች ሊያለብስ ፈቅዷል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው በደብዳቤ እንዲቀርብ፤ ሁለተኛ፣ ማሊያው የቤቱን ስምና የቤቱን ቀለም እንዲይዝ። «ዶክተር፣ እርስዎ ቢጽፉልን ክብደት ይኖረዋል» አለኝ።

ቡድኑ እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የሚለብሰው አረንጓዴ ነው። የቀለሙ አመራረጥ ቅኔ የለበትም፤ በዚያ ዘመን መርካቶ ውስጥ በርካሽ የተገኘው ጣቃ አረንጓዴ ስለነበረ ብቻ ነው። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ «አረንጓዴዎቹ» ስንባል ኖረናል። በዚያ ስም ያለቀሰ አለ፤ የተጣላ አለ፤ በዚያ ማሊያ ተጠቅልሎ ፎቶው ከለቅሶ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጓደኛም አለኝ። አሁን ያ ቀለም በአንድ ደብዳቤ ሊለወጥ ነው፤ ደብዳቤውን የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ልጁ የለበሰው ከሰልባጅ የተገዛ ሰማያዊና ቢጫ ጃኬት ነበር። ደረቱ ላይ በላቲን ፊደል «ማይልድ ሰቨን» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «የመኪና ውድድር ቡድን ስም መስሎኝ ነው የገዛሁት» አለኝ። የቡድን ስም አልነበረም፤ የሲጋራ ስም ነው። የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። የታሪክ መምህር ክፉ ልማድ ሆኖብኝ፣ የዛሬን ጥያቄ የትናንቱን ሳላይ መመለስ አይሆንልኝም። ለመሆኑ ቀለም የማን ነው? ሊሸጠውስ የሚችል ማን ነው?

ቀለም የአገር በነበረ ጊዜ

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞና ከሁሉ ጎልቶ የታየው በመኪና እሽቅድምድም ዓለም ነው። የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ባለቤት የነበረው ጄምስ ጎርደን ቤኔት እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ በስሙ ዋንጫ ሲያወዳድር፣ ተወዳዳሪዎቹ ግለሰቦች ሳይሆኑ አገሮች ነበሩ። የየአገሩ የአውቶሞቢል ማኅበር መኪኖቹን መርጦ ይልካል፤ መኪናው ከነጎማው በዚያው አገር የተሠራ መሆን ነበረበት። ተመልካቹ በአቧራ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ እንዲለይ ለየአገሩ ቀለም ተሰጠ፦ ለፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ለጀርመን ነጭ፣ ለቤልጅየም ቢጫ። የጣሊያን ቀይ ኋላ የጸና ነው።

የእንግሊዝ አረንጓዴ ታሪክ ከአብነቱ አረንጓዴ ብዙም አይርቅም። በ1903 ውድድሩን ማዘጋጀት የእንግሊዝ ተራ ሲሆን፣ በእንግሊዝ መንገዶች ላይ መሽቀዳደም በሕግ ስለማይቻል ውድድሩ ወደ አየርላንድ ተወሰደ። የእንግሊዝ መኪኖችም ለአስተናጋጇ ምድር አክብሮት አረንጓዴ ተቀቡ ይባላል። በአጋጣሚ የተገኘ ቀለም ነው፤ ዳሩ ግን ሁለትና ሦስት ትውልድ ሲወዳደርበት፣ ሲሞትበትና ሲያሸንፍበት አጋጣሚነቱ ተረሳ። ስለዚህ የቀለምን ክብር የሚሰጠው አመራረጡ አይደለም፤ የኖሩበት ሰዎች ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀዩ ቀለምና እኛ

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ድሮ የአገር ቀለም ነበረ፤ ንጹሕ ነበረ፤ ገንዘብ መጥቶ አረከሰው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን እንዲህ ብለን የመሳሳት መብት የለንም።

እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የጀርመን መኪኖች ነጩን ትተው በብር ቀለም ወጡ። ቀለማቸው ተፍቆ ክብደታቸው ተቀነሰ የሚለው ትረካ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ቢያጠራጥርም፣ የመርሴዲስና የአውቶ ዩኒየን ቡድኖች ከናዚ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማግኘታቸው አያጠራጥርም። ያኔ ስፖንሰሩ መንግሥት ነበር፤ የሚያስተዋውቀውም ዕቃ ራሱን ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ታዚዮ ኑቮላሪ በቀዩ አልፋ ሮሜዮ፣ በኑርቡርክሪንግ ጎዳና፣ እጅግ ፈጣን የነበሩትን የጀርመን መኪኖች በሜዳቸው አሸነፋቸው። በስፖርት ታሪክ ከሚደነቁ ድሎች አንዱ ነው። ከዚያ ከ67 ቀናት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የዚያው የቀዩ ቀለም አገር ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ።

ኑቮላሪ ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። የምለው፣ ያ ቀይ ቀለም በሮም አደባባይ የፋሺስቱ ሥርዓት ጌጥ እንዲሆን ሲደረግ የነጂው ፈቃድ እንዳልተጠየቀ ነው። በዚያው ዘመን በጣሊያን ቅኝ ግዛት በሊቢያ የትሪፖሊ ታላቁ ሽልማት ይካሄድ ነበር። ከ1933 ጀምሮ ውድድሩ ከመንግሥት ሎተሪ ጋር ተሳሰረ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በአንድ ነጂ ስም ትኬት ይይዛል፤ ነጂው ካሸነፈ ባለ ትኬቱ ይከብራል። በመጀመሪያው ዓመት ነጂዎች ከባለ ትኬቶች ጋር ተስማምተው ውጤቱን ወስነውታል የሚል ወሬ ተነሣ። እውነትነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወሬው እንኳን ብቻውን ውድድሩን ለመጠርጠር በቃ፤ በቀጣዩ ዓመት የትኬቱ ዕጣ የሚወጣበት ሰዓት ከውድድሩ መነሻ ጋር እንዲቀራረብ ተደረገ። ውርርድና ስፖርት አንድ ገበታ ሲቀርቡ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአህጉራችን ሰሜን ዳር ተሞክሮ ነበር።

የዚያ ዘመን አሻራ ደግሞ በሰፈራችን መሬት ላይ አለ። ወራሪው የከተማዋን ትልቁን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረው የአገሬውን ሕዝብ ከነጮቹ ለመለየት ነው፤ መርካቶ የሚለው ስም የጣሊያንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ክለብም በወረራው ጊዜ ስሙን ተገፍፎ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ ዓርማ ስም ነው። ልጆቹ ያው ልጆች፣ ኳሱም ያው ኳስ ነበር፤ ስሙ ግን የሌላ ሆነ። ነጻነት ሲመለስ ክለቡ ከሁሉ አስቀድሞ ካስመለሳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ስም ነው። በጠመንጃ የተወሰደ ስም እንደዚያ ይመለሳል። በቼክ የተወሰደውስ?

የወርቅ ቅጠል

ቼኩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እስከዚያ ድረስ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች በነዳጅና በጎማ ኩባንያዎች ድጋፍ ይተዳደሩ ነበር፤ የመኪናው ገላ ግን በአመዛኙ የአገሩን ቀለም እንደያዘ ቆየ። ወጪው እየናረ ድጋፉ እየሳሳ ሲሄድ የስፖርቱ አስተዳዳሪዎች የንግድ ማስታወቂያን ፈቀዱ። በሲጋራ ቀለም የተቀባ የፎርሙላ ዋን መኪና መጀመሪያ የታየው በአፍሪካ ምድር ነው፤ በ1968 የመጀመሪያ ቀን፣ በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ፣ በኪያላሚ፣ ጋንስተን የተባለ ሲጋራ ቀለም ለብሶ። ወዲያው የኮሊን ቻፕማን ሎተስ ቡድን የእንግሊዝን አረንጓዴ አራግፎ የጎልድ ሊፍን ቀይ፣ ነጭና ወርቃማ ቀለም ለበሰ። ጎልድ ሊፍ ማለት የወርቅ ቅጠል ማለት ነው፤ ትምባሆ። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ይህን አይተው ባይሆንም፣ ለዚህም ይሆናል። ታላቁ ነጂ ጂም ክላርክ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በጀርመን ሆከንሃይም በታችኛው የፎርሙላ ቱ ውድድር ሲሞት፣ የተሰባበረው ሎተስ መኪናው የወርቁን ቅጠል ቀለም እንደለበሰ ነበር።

በቻፕማን ላይ ድንጋይ ለመወርወር አልቸኩልም። ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ያለ ገንዘብ መኪና አይነሣም። ጥያቄው ገንዘቡ ከቀለሙ በላይ ምን ገዛ የሚለው ነው። መልሱ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ታየ። በጥር 1997 የፎርሙላ ዋን አለቃ በርኒ ኤክልስተን ለእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ለገሡ። ፓርቲው በግንቦት ሥልጣን ያዘ። በኅዳር ወር፣ የትምባሆ ማስታወቂያን በስፖርት ላይ ሊያግድ የነበረው አዲሱ መንግሥት፣ ፎርሙላ ዋን ከእገዳው ይለይልኝ ማለቱ ታወቀ። ሁለቱም ወገኖች ልገሳውና ውሳኔው ግንኙነት የላቸውም አሉ፤ ፓርቲው ግን ገንዘቡን መለሰ። የአውሮፓ ኅብረት የትምባሆ ማስታወቂያና ስፖንሰርነት እገዳ በሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 2005 መጨረሻ ነው። እንግዲህ የስፖንሰር ገንዘብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደረትህን ነው፤ ቀጥሎ ዝምታህን፤ በመጨረሻ ሕግህን።

ከጃኬቱ እስከ ኒያላ

አሁን ወደ ልጁ ጃኬት ልመለስ። ማይልድ ሰቨን የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ምርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የፈረንሳዩ ሬኖ ቡድን፣ በፈርናንዶ አሎንሶ ነጂነት፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ብዙዎች «የፈረንሳይ ሰማያዊ ተመለሰ» ብለው ነበር። ነገር ግን ያ ሰማያዊ የፈረንሳይ ሳይሆን የሲጋራው ፓኮ ሰማያዊ ነበር። የመኪናው አካል የሚሠራው እንግሊዝ ነው፤ ነጂው ስፔናዊ፤ ቀለሙ የቶኪዮ። ከጎርደን ቤኔት ሕግ የተረፈ ነገር ቢኖር ሲያሸንፉ የሚሰቀለው ባንዲራ ብቻ ነው።

ይህ የሩቅ ታሪክ የመሰለው ሁሉ ከዚህ በኋላ ደጃችን ይደርሳል። በአገራችን የትምባሆ ሞኖፖል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የታወቀው ሲጋራው ስም ኒያላ ነው፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው የደጋ አጋዘን። እ.ኤ.አ. በ2016 ያው የጃፓን ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ሻጩ መንግሥት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆን ማስታወቂያና ስፖንሰርነት በጥብቅ ከለከለ፤ ከፓኮው ገጽ 70 በመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈንም አዘዘ። አዋጁ የሚመሰገን ነው፤ እኔም አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን ከ940 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከተቀበለ በኋላ «ይህ ዕቃ ይገድላል» ብሎ ያወጀ ሻጭ፣ ቢያንስ ስለ ጊዜው አቆጣጠር ሊጠየቅ ይገባዋል።

ዋልያስ?

ከትምባሆ ይልቅ በእኛ ስፖርት ላይ ጎልቶ የታየው የቢራ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት ቆይታ በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ፣ በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ ጎል ሲያስቆጥር፣ «ዋልያዎቹ» የሚለው ቅጽል በየቤቱ የሚጠራ ስም ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሄይነከን «ዋልያ» የተባለ ቢራ ለገበያ አቀረበ፤ ቢራውም የብሔራዊ ቡድኑ ስፖንሰር ሆነ። ይህ በሕግ ፊት ስሕተት የለበትም። የሰሜን ተራራው እንስሳ የንግድ ምልክት እንዳይሆን የሚከለክል ነገር አልነበረም። ግን እስቲ አስቡት፦ በአንድ የእሑድ ጨዋታ ስቴዲየሙ ሁሉ «ዋልያ! ዋልያ!» ብሎ ሲጮኽ፣ የሚጮኸው ለአገሩ ነው ወይስ በነጻ ማስታወቂያ እየሠራ ነው? ማንም መለየት አይችልም። ስፖንሰርነት ከፍተኛ ጥበቡ ይኸው ነው፤ ቀለሙን አልነካም፤ ጩኸቱን ተዋሰ።

አዋጁ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ የቢራ ገንዘብ ከስፖርቱ ማፈግፈግ ጀመረ፤ በዚያ ገንዘብ የለመዱ ክለቦችም ተጨነቁ። ብዙ ጊዜ አልቆየም፤ ባዶውን ቦታ ውርርድ ሞላው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አንሥቶ ለጥቂት ዓመታት የአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ መጠሪያ «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ሆነ። ፎርሙላ ዋንም ቢሆን ከዚህ አልተለየም፤ ትምባሆው ሲወጣ የክሪፕቶ ገንዘብ ነጋዴዎች ገቡ፤ መርሴዲስ በመስከረም 2021 ከኤፍቲኤክስ ጋር ተዋዋለ፤ በኅዳር 2022 ኩባንያው ሲወድቅ ዓርማውን ከመኪናው ለመፋቅ ተገደደ። አንዱን መርዝ በአዋጅ ስናስወጣ፣ ያስገባነው በር ክፍት እንደሆነ ቀርቷል።

መልሱ

ስለዚህ እኔ የምለው «ስፖንሰር ይቅር» አይደለም። በባዶ እግር የሚሮጥ ልጅ ስለ ሕሊና ስብከት አያስፈልገውም፤ ጫማ ያስፈልገዋል። የምለው ይህ ነው፦ የቡድን ቀለምና ስም የኖሩበት ሰዎች የጋራ ሀብት እንጂ የወቅቱ አመራር የግል ንብረት አይደለም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ ባለቤቶቹ ተጠይቀዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ውሉ በአደባባይ ሊነበብ ይችላል ወይ? ሦስተኛ፣ ማሊያውን የሚለብሰው ልጅ ደረቱ ላይ የተጻፈውን ዕቃ ቢገዛ ደስ ይለናል ወይ? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሥራ ገንዘቡን ይዞ ወደ ውርርድ ቤት ሲገባ ማየት ካልፈለግን፣ የውርርድ ቤቱን በር ሥዕል ደረቱ ላይ መስቀል የለብንም።

በሳምንቱ ለልጁ ይህንኑ ነገርኩት፤ አጠር አድርጌ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ ዶክተር፣ ታዲያ ማሊያውን ከየት እናምጣ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለውርርድ ቤቱ ሳይሆን ለሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ነጋዴዎች። ሳንቲም በሳንቲም ተዋጣ፤ እኔም የድርሻዬን አዋጣሁ። ነጋዴዎቹ የጠየቁት ስማቸው ከጀርባ፣ ከቁጥሩ በታች፣ በትንሹ እንዲጻፍ ብቻ ነው። ቡድኑ ተሰብስቦ ተስማማ። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ገንዘቡ ግን የበቃው ለአሥራ አንድ ማሊያ ነው። ተቀያሪ ሲገባ የሚወጣው ልጅ በላቡ የራሰውን ማሊያ ሜዳው ዳር አውልቆ ይሰጠዋል፤ ብርድ በሆነ ቀን ማየቱ አይመችም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከዳር ቆሜ ሳይ አምበሉ አጠገቤ ነበር፤ ጉልበቱን አሞት ተቀይሮ ወጥቷል፤ በባዶ ገላው ላይ ያንኑ የማይልድ ሰቨን ጃኬት ደርቦ። «ዶክተር» አለኝ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል፣ «ያኛው ለአሥራ ስምንት ይበቃ ነበር እኮ።»

እውነቱን ነው፤ ይበቃ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ሰባት ማሊያ አጉድያለሁ፤ ያንን ዕዳ እኔ እንጂ እነሱ ሊከፍሉት አይገባም ነበርና፣ ለቀጣዩ ክረምት ከመስከረም ጀምሮ ማጠራቀም ጀመርኩ። ስለ ሕሊና የምንጽፍ ሰዎች የሕሊናን ወጪ ለሌላ ማስከፈል ይቀለናልና፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የሰፈሬ ልጆች ብትኖሩ፣ የሰባቱን ማሊያ ነገር አብረን ብናስበው መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።